የደከመ ቋንጃ

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት፣ ራሃድ በተባለው ወንዝ ዳር፣ ሀዋታ የምትባል ከተማ አለች። ራሃድ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ተራራማ አገራችን ተነሥቶ ወደ ሱዳን የሚወርድ፣ በክረምት የሚሞላና በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። ከዚህ ወንዝ አንሥቶ እስከ መተማ ወሰን ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ዛሬ የሰሊጥና የማሽላ አገር ሆኗል፤ ከ160 ዓመት በፊት ግን ዝሆንና ቀጭኔ የሚሰማሩበት ዱር ነበረ።

ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በዚህ አገር ተዘዋውሯል። በሰቲት ማለት በተከዜ ዳር ከቆየ በኋላ በመተማ በኩል አልፎ፣ የራሃድን ወንዝ ተከትሎ ወርዷል። ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጽፎታል። ቤከር እጅግ ካደነቃቸው ነገሮች አንዱ ሐምራን የሚባሉት ዐረቦች ዝሆንን በሰይፍ የሚያድኑበት ብልሃት ነው። አንዱ ፈረሰኛ ከፊት ሆኖ ዝሆኑን ያስቈጣዋል፤ ዝሆኑ እርሱን ሲያባርር ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ ይወርድና የኋላ እግሩን ጅማት በአንድ ምት ይቈርጠዋል። ያ ግዙፍ አውሬ ጥርሱና ኩምቢው ሳይነካ፣ ጉልበቱም ሳያልቅ፣ ባለበት ቆሞ ይቀራል።

አማርኛ ይህን ሥራ «ቋንጃ መቍረጥ» ይለዋል። የሰው ቋንጃ ግን ሰይፍ ሳይነካው በድካም ብቻ ኃይሉ ሊከዳው ይችላል። ቋንጃ ሲደክም ኃይሉ እንዴት እንደሚቀንስ፣ መቀነሱም በለመደው ሰውና ባለመደው ሰው ላይ እንዴት እንደሚለያይ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ አስበናል። ነገሩ ለስፖርተኛ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በሰሊጥ ማሳ ለሚያጭደው፣ ረጅም መንገድ በእግሩ ለሚሄደው፣ ቀኑን ሙሉ በወንበር ተቀምጦ ለሚውለው የመንግሥት ሠራተኛም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ቃሉን እንለይ። ከጕልበት በታች በስተ ኋላ ያለው ወፍራም ሥጋ ባት ይባላል። ከጕልበት በላይ ያለው ጭን ነው። ሰው ተቀምጦ ጕልበቱን ካጠፈ በኋላ ከጕልበቱ ኋላ በጣቱ ቢዳስስ፣ በግራና በቀኝ እንደ ገመድ የተወጠሩ ጅማቶች ያገኛል። ቋንጃ የሚባለው ይህ ነው። ጅማቶቹ የጭንን የኋላ ወገን የሞሉት የሦስት ረጃጅም ጡንቻዎች መጨረሻ ናቸው። ጡንቻዎቹ ከአንድ አጭር ክፍል በቀር ከምንቀመጥበት አጥንት ይነሡና ከጕልበት በታች ከቅልጥም አጥንቶች ጋር ይያያዛሉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ቋንጃ» ስንል ጅማቱንም ጡንቻውንም በአንድነት ማለታችን ነው።

የቋንጃ ሥራ ሦስት ነው። አንደኛው ጕልበትን ማጠፍ ነው። ሁለተኛው ጭንን ወደ ኋላ እየሳበ ሰውነትን ወደ ፊት ማስኬድ ነው። ሦስተኛው ሥራ ለዐይን አይታይም፤ ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ አስፈላጊ ነው። ሯጭ እግሩን ወደ ፊት በወረወረ ጊዜ ቋንጃው እየተለጠጠ ውርወራውን ይገታዋል፤ እግሩም በልክ መሬት ይረግጣል። ሰው ጐንበስ ሲልም ግንዱ ወደ ፊት እንዳይደፋ ዳሌውን ከኋላ የሚይዘው ከመቀመጫው ጡንቻ ጋር ይኸው ቋንጃ ነው። ስለዚህ ይህን ሦስተኛውን ሥራ የፍሬን ሥራ ብንለው አንሳሳትም። መኪና ሞተሩ ደኅና ሆኖ ፍሬኑ ቢላላ ቍልቍለት ላይ ምን እንደሚያገኘው የታወቀ ነው።

እንግዲህ ድካም ምንድን ነው? በቱሪን ከተማ ያስተምር የነበረው ኢጣሊያዊው ሊቅ አንጀሎ ሞሶ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ድካም አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ሞሶ አንድ ጣት ክብደት ደጋግሞ ሲስብ ኃይሉ እንዴት እንደሚወርድ በወረቀት ላይ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በዚህ መሣሪያ ከመረመራቸው ሰዎች አንዱ ተማሪዎችን በቃል ሲፈትን የዋለ መምህር ነው። መምህሩ ቀኑን ሙሉ የሠራው በአእምሮው ነበረ እንጂ በጣቱ አልነበረም፤ ሆኖም የጣቱ ኃይል ቀንሶ ተገኘ። ከዚህም የተነሣ ድካም በጡንቻ ውስጥ ብቻ የሚያድር ነገር እንዳልሆነ ታወቀ።

የዛሬው ሳይንስ ድካምን በሁለት ወገን ይከፍለዋል። አንዱ ወገን ትእዛዝ በሚሰጠው በአንጐልና በነርቭ በኩል ያለው ነው፤ ትእዛዙ ይለዝባል፣ ለጡንቻውም በሙሉ ኃይል አይደርሰውም። ሁለተኛው ወገን ትእዛዙን በሚቀበለው በጡንቻው ውስጥ ያለው ነው። ጡንቻው ሲሠራ ግላይኮጅን የሚባለው የተከማቸ ስንቁ ይጐድላል፤ ፎስፌት የሚባለው ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ጡንቻውን የሚያኮማትረው የካልሲየም እንቅስቃሴም ይዳከማል። ቀድሞ የድካም ሁሉ ምክንያት የላክቲክ አሲድ ነው ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን ዋናው ጥፋተኛ እርሱ እንዳልሆነ ይታመናል።

አሁን ወደ ቋንጃው እንመለስ። የእግርን ኃይል የሚለኩ መሣሪያዎች ሰውየውን አስቀምጠው ወይም አስተኝተው እግሩን በማሽን ክንድ ላይ በማሰር፣ ጕልበቱ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የሚያወጣውን ኃይል ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ የእንግሊዝ አገር ጥናት እግር ኳስ ተጫዋቾች እንደ ጨዋታ ያለ የ90 ደቂቃ ሩጫ፣ ማለትም አንዴ መራመድ፣ አንዴ መሮጥ፣ አንዴ መዞር፣ እንዲሠሩ ተደረገ። በመጨረሻው ቋንጃቸው ጕልበትን በማጠፍ የሚያሳየው የመሳብ ኃይል ይህን ያህል አልተለወጠም። የፍሬን ኃይላቸው ግን ከመቶ 17 ያህል ቀንሶ ተገኘ።

ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። ድካም መጀመሪያ የሚነካው ሰውየው ሊያውቀው የሚችለውን ኃይል ሳይሆን ሳያስበው የሚጠብቀውን ኃይል ነው። ሰውየው ገና መሮጥ እንደሚችል ይሰማዋል፤ ሞተሩ ይሠራልና። የላላው ፍሬኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ በጥንቸሎች ላይ የተደረገ ምርመራም የደከመ ጡንቻ ከመቀደዱ በፊት ሊሸከመው የሚችለው ጫና ካልደከመው ያነሰ መሆኑን አስረድቷል።

ይህም በሜዳ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999 በነበሩት ሁለት የውድድር ዓመታት በእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ባለሙያዎች ላይ የደረሰው ጉዳት ተመዝግቦ ሲመረመር፣ ከመቶው ጉዳት 12ቱ የቋንጃ ሆኖ ተገኘ። በጨዋታ ላይ ከደረሰው የቋንጃ ጉዳት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው የደረሰው በመጀመሪያውና በሁለተኛው አጋማሽ መጨረሻ ላይ፣ ማለት ተጫዋቾቹ በደከሙበት ሰዓት ነው።

ሰው ሁሉ ግን እኩል አይደክምም። ነገሩን ለመረዳት ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው «ከኃይሉ ምን ያህሉ ጠፋ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ምን ያህል ቀረው?» የሚለው ነው። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ብቻ ይጠይቃሉ።

ረጅም መንገድ መሄድና መሮጥ የለመደ ሰው ጡንቻው በብዙ የደም ሥሮች የተከበበ ነው፤ ምግብን በኦክሲጅን እያቃጠለ ኃይል የሚያወጣው ክፍልም በጡንቻው ውስጥ በዝቶ ይገኛል። ስለዚህ ኃይሉ የሚወርደው ቀስ እያለ ነው። ክብደት ማንሣት ወይም አጭር ሩጫ የለመደው ደግሞ ፈጣን የሚባለው የጡንቻ ክር ይበዛለታል። ይህ ክር ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ የብርቱ ሰው ኃይል በመቶኛ ሲታሰብ ፈጥኖ ሊወርድ ይችላል። ምንም ያልለመደው ሰው ሲጀመርም ኃይሉ ጥቂት ነው፤ ያችም ቶሎ ትደክማለች።

ይህን በገንዘብ መስለን እንየው። ቍጥሩ ለምሳሌ ያህል ብቻ የቀረበ ነው። አንዱ 100 ብር ይዞ ገበያ ወጥቶ 30 ብር ቢያጠፋ 70 ይቀረዋል። ሌላው 70 ብር ይዞ 7 ብር ብቻ ቢያጠፋ 63 ይቀረዋል። ሦስተኛው 40 ብር ይዞ 14 ብር ቢያጠፋ የሚቀረው 26 ብር ነው። ከሦስቱ ብዙ ያጠፋው የመጀመሪያው ነው፤ ባዶ እጁን ለመግባት የቀረበው ግን ሦስተኛው ነው። ቋንጃም እንዲሁ ነው። ሰውን ከአደጋ የሚጠብቀው ጧት ይዞት የወጣው ኃይል ሳይሆን በመጨረሻው ሰዓት በእጁ የቀረው ኃይል ነው።

ይህን ሐሳብ ይዘን ወደ ሰሊጡ ሜዳ እንሂድ። በገዳሪፍ በትራክተር ማረስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ግን በወሰኑ በሁለቱም ወገን እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የሰው እጅ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ሲደርቅ ፍሬውን የያዘው ከረጢት አፉን ይከፍትና እህሉ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከደጋው አገር ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ ቈላ ይወርዳሉ፤ ወሰን ተሻግረው በገዳሪፍ እርሻዎች የሚሠሩም ብዙዎች ነበሩ። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት ግን ይህን የሥራ መንገድ አውኮታል። በማሳው ላይ ሠራተኛው ጐንበስ ብሎ በማጭድ ያጭዳል፤ በነዶ ያስራል፤ ነዶውንም አቁሞ ያደርቃል።

በዚህ ሥራ ቋንጃ የሚደርስበትን እንመልከት። አጫጁ ጕልበቱን ሳያጥፍ ከወገቡ ጐንበስ ሲል ቋንጃው እስከ መጨረሻው ይለጠጣል፤ ተለጥጦም ሳለ የሰውነቱን ግማሽ ክብደት ይዞ ይውላል። ይህ የፍሬን ሥራ ነው። ቋንጃው ሲደክምም ጫናው ወደ ወገብ ይሄዳል። በዚህ ላይ የቈላው ሙቀት ይጨመራል፤ ላብ ሲበዛና ውኃ ሲጐድል ድካም ይፈጥናል።

ከደጋ አዲስ የመጣው ወጣት ከነባሩ እኩል ለመሥራት በመጀመሪያው ቀን ይሽቀዳደማል። ጡንቻ ያልለመደውን የመለጠጥ ሥራ በሠራ ጊዜ ግን ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ኃይሉም ለብዙ ቀን ቀንሶ ይቆያል። ወጣቱ በሦስተኛው ቀን ያነሰ ኃይል ይዞ ያንኑ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ አሠሪ ሰነፍ ነው ብሎ ይፈርድበት ይሆናል። ነገር ግን ጡንቻ ከመጀመሪያው ሥራ ይማራል። ያው ሥራ ከጥቂት ቀን ዕረፍት በኋላ ሲደገም ጉዳቱ በእጅጉ ያነሰ ይሆናል። ነባሩን ከአዲሱ የሚለየው ይህ ትምህርት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ስለዚህ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከታቸው ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። አዲስ መጤው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች ቀለል ያለ ድርሻ ቢሰጠው፣ አጨዳው ከማሰርና ከማቆም ሥራ ጋር እየተፈራረቀ ቢሠራ፣ በየሰዓቱ ጥላና ውኃ ቢገኝ፣ የዚህ ወጪው ጥቂት ነው። አለዚያ ለደሞዝ ሲል ብዙ መንገድ የመጣ ሰው በሳምንቱ እያነከሰ ይመለሳል፤ ቤተ ሰቡም ሲጠብቀው የነበረውን ገንዘብ ሳያገኝ ይቀራል።

በሥራ ሜዳ ያየነውን በስፖርት ሜዳም አገራችን ታውቀዋለች። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን አሸናፊ ሆነ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ተመልካቹን አስደነቀ። እንደ ሌሎቹ ወድቆ ከመተኛት ይልቅ በስታዲዮሙ ሣር ላይ ጐንበስ ቀና እያለና በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን እያንቀሳቀሰ ጅምናስቲክ ሠራ። ሁለተኛው ሯጭ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። በዚያ ቀን ዓለም ያየው የአበበን ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ በመጨረሻ ምን ያህል እንደ ቀረውም አይቷል።

የዚሁ ጀግና ታሪክ ሌላ ትምህርትም ይሰጣል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ እግሩን ታሞ ስለ ነበረ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ውድድሩን አቋረጠ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አገኘው። ልምምድ ድካምን ያዘገያል፤ ነገር ግን ያልዳነ ጉዳትን አይተካም። በቋንጃም ይህ እውነት ነው። አንድ ጊዜ የተጐዳ ቋንጃ እንደ ገና የመጐዳት ዕድሉ ካልተጐዳው ይበልጣል። ስለዚህ ሕመሙ ስለ ለቀቀው ብቻ ወደ ሙሉ ሥራ የሚመለስ ሰው ይቸኵላል።

እንግዲህ ቋንጃን ለመጨረሻው ሰዓት እንዴት እናዘጋጀው? በዴንማርክ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት 50 ቡድኖችንና 942 እግር ኳስ ተጫዋቾችን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን አንድ ቀላል ልምምድ አሠራ። ሰውየው ይንበረከካል፤ ጓደኛው ቍርጭምጭሚቱን ይይዝለታል፤ እርሱም ከጕልበቱ እስከ ራሱ ቀጥ እንዳለ ወደ ፊት ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ መያዝ ሲያቅተው መሬቱን በእጆቹ ይቀበላል። መሣሪያ አያስፈልገውም። ይህን የሠሩት ተጫዋቾች የቋንጃ ጉዳታቸው ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ከ60 በላይ ቀነሰ።

ልምምዱ የተጀመረው በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ቀን ብቻ፣ አምስት አምስት ጊዜ ሁለት ዙር በመሥራት ነው፤ ከዚያ በኋላ በ10 ሳምንት ውስጥ እየጨመረ ሄደ። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ የሠራ ሰው በማግስቱ ደረጃ መውጣት ሊያቅተው ይችላል።

ሌላም ጠቃሚ ነገር ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት አንዱ ወገን ይህንኑ ልምምድ ከዋናው ሥራ በፊት፣ ሌላው ወገን ከሥራው በኋላ ሲደክመው እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። በድካም ጊዜ ኃይላቸውን ይበልጥ ጠብቀው የተገኙት ከሥራ በኋላ የሠሩት ናቸው። ይህ ግን ለለመደ ሰው እንጂ ለጀማሪ የሚመከር አይደለም።

በቢሮ ለሚውለውና በቤት ውስጥ ለሚሠራው ሰው ከዚህ የቀለለ መጀመሪያ አለ። በጀርባ ተኝቶ ጕልበትን አጥፎ፣ ተረከዝን መሬት ላይ ተክሎ መቀመጫን ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። አሥር ጊዜ መሥራት ይበቃል፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይደገም። እናትም አባትም ልጆችም በአንድ ምንጣፍ ላይ ሊሠሩት ይችላሉ። ቀኑን ሙሉ በሐሳብ የደከመ ሰው ደግሞ የሞሶን መምህር ያስታውስ፤ ከቢሮ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ኳስ ሜዳ ከመግባት አስቀድሞ ሰውነቱን ያሙቅ፣ ሩጫውንም በዝግታ ይጀምር።

በሩጫ ወይም በሥራ ላይ ሳለ በጭኑ ኋላ እንደ ጅራፍ የሚመታ ድንገተኛ ሕመም የተሰማው ሰው ወዲያው ያቁም። ቦታው ከጠቈረ ወይም ካበጠ፣ መራመድም ካቃተው፣ ወገሻ ሳይነካካው ወደ ሐኪም ይሂድ።

የእግርን ኃይል የምንመዝነው አብዛኛውን ጊዜ ጧት፣ ሰውነታችን ዐርፎ ሳለ ነው። መንገደኛው የሚወድቀው፣ አጫጁ የሚጐዳው፣ ተጫዋቹ ቋንጃው የሚበጠሰው ግን ወደ ማምሻው ነው። ስለዚህ ብልኅ ሰው ልምምዱንም ሥራውንም ሲያሰናዳ የመጀመሪያውን ሰዓት ሳይሆን የመጨረሻውን ሰዓት ያስባል፤ ለዚያ ሰዓት የሚሆን ኃይልም በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ያጠራቅማል።